ከቤዝቦል ማኔጀሮች ሁሉ ታላቁ ማነው? ስም ከመጥራት በፊት የሚያስፈልጉ መመዘኛዎች

ኮኒ ማክ 3,731 ጨዋታ አሸንፏል፤ በአሜሪካ ዋና ሊጎች ታሪክ የሚስተካከለው የለም። 3,948 ጨዋታም ተሸንፏል፤ በዚህም የሚስተካከለው የለም። ታላቁን ማኔጀር የሚፈልግ ክርክር መቋጫ የሚያጣው እንዲህ ባለው ነገር ነው። አንዱ ድል ይቆጥራል፣ ሌላው ዋንጫ፣ ሦስተኛው የድል ምጣኔ። ሁሉም ትክክለኛ ቁጥር ይዘው ሳለ አይገናኙም፤ ምክንያቱም የሚለኩት ነገር የተለያየ ነው። ስለዚህ እዚህ መጀመሪያ መመዘኛው ይቀመጣል፣ ከዚያ ሰዎቹ አንድ በአንድ ይታያሉ፣ በመጨረሻ ለየትኛው ፍላጎት ማን እንደሚሻል ይነገራል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ማኔጀሩ በእጁ ያለው ምንድን ነው?

በቤዝቦል ዋናው አሰልጣኝ ማኔጀር ይባላል። ዛሬ ከ26 ተጫዋቾች ዘጠኙን መርጦ የምት ተራቸውን ያስቀምጣል፣ ፒቸሩ (ኳሱን ለመቺው የሚወረውረው) መቼ እንደሚወጣና ማን እንደሚተካው ይወስናል፣ ማን አርፎ ማን እንደሚገባ ያመቻቻል። አንዴ የወጣ ተጫዋች በዚያ ጨዋታ ተመልሶ አይገባም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ለውጥ ቀሪውን አማራጭ ያጠብበታል። ተጫዋች መግዛትና መሸጥ ግን ዛሬ የእሱ ሥራ አይደለም፤ የጄኔራል ማኔጀሩና የመረጃ ተንታኞቹ ነው። በማክና በጆን ማግሮው ዘመን ሁለቱም ሥራ በአንድ ሰው እጅ ነበር፤ ማክ እንዲያውም የቡድኑ ባለድርሻ ነበረ። የ1910ን ማኔጀር ከ2010ሩ ጋር ስታነጻጽሩ፣ ስሙ አንድ የሆነ ሥራው ግን የተለያየ ሁለት ሰው እያነጻጸራችሁ እንደሆነ አትርሱ።

በጨዋታ ውስጥ ከሚወሰኑት ሁሉ ከባዱ ፒቸርን የማውጣት ውሳኔ ነው። ምክንያቱ የታወቀ ነው፦ አንድ መቺ ያንኑ ፒቸር በአንድ ጨዋታ ለሦስተኛ ጊዜ ሲገጥም ከመጀመሪያው ይልቅ የተሻለ ይመታል። ፒቸሩ ይደክማል፣ መቺው ደግሞ ኳሱን ይለምደዋል። ሁለት ጨዋታዎች ውሳኔው በሁለቱም አቅጣጫ እንዴት እንደሚጎዳ ያሳያሉ።

ጥቅምት 16 ቀን 2003፣ የአሜሪካን ሊግ (ከሁለቱ ዋና ሊጎች የአንዱ) ዋንጫ ሰባተኛ ጨዋታ። ቦስተን ኒው ዮርክ ያንኪስን 5 ለ 2 እየመራ ስምንተኛው ኢኒንግ (ጨዋታው ከሚከፈልባቸው ዘጠኝ ዙሮች አንዱ) ገባ። የቦስተን ፒቸር ፔድሮ ማርቲኔዝ ከ100 በላይ ኳስ ወርውሯል። አንድ መቺ ከወጣ በኋላ ዴሪክ ጂተር ሁለተኛ ቤዝ (ሯጩ ከሚያርፍባቸው የሜዳው ጥጎች ሁለተኛው) የሚያደርስ ምት መታ፣ በርኒ ዊሊያምስ ተከትሎ ነጥብ አስገባ። ማኔጀሩ ግሬዲ ሊትል ወደ ፒቸሩ ሄደ፣ አነጋገረው፣ እዚያው ትቶት ተመለሰ። ሂዴኪ ማትሱይና ሆርሄ ፖሳዳ ተከታትለው መቱ፤ 5 ለ 5 ሆነ። በ11ኛው ኢኒንግ የያንኪሱ ኤሮን ቡን በሆም ረን (መቺው ቤዞቹን ሁሉ ዞሮ ነጥብ በሚያስገባበት ምት) ጨዋታውን ጨረሰው። የሊትል ውል ሳይታደስ ቀረ።

ጥቅምት 27 ቀን 2020፣ የወርልድ ሲሪስ (የሁለቱ ሊጎች አሸናፊዎች የሚገናኙበት ፍጻሜ) ስድስተኛ ጨዋታ። የታምፓ ቤይ ፒቸር ብሌክ ስኔል ዶጀርስን አላንቀሳቅስ ብሏል፦ 73 ውርወራ፣ ሁለት ምት ብቻ፣ ዘጠኝ ስትራይክ አውት (መቺው ኳሱን መምታት ሳይችል የወጣበት)፣ ውጤቱ 1 ለ 0። በስድስተኛው ኢኒንግ ሁለተኛው ምት እንደተመታበት ማኔጀሩ ኬቨን ካሽ አወጣው፤ የዶጀርስ ቀዳሚ መቺዎች ለሦስተኛ ጊዜ ሊገጥሙት ነበርና። የገባው ኒክ አንደርሰን መሪነቱን ወዲያው አጣ፣ ዶጀርስ 3 ለ 1 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ።

አንዱ ፒቸሩን አቆይቶ ተሸነፈ፣ ሌላው አውጥቶ ተሸነፈ። ውሳኔን በውጤቱ ብቻ የሚመዝን ሰው ሁለቱንም እኩል ይኮንናል። ትክክለኛው ሚዛን ግን ማኔጀሩ በዚያች ደቂቃ ያወቀው ምን ነበር የሚለው ነው። ማርቲኔዝ መድከሙ በግልጽ ይታይ ነበር፤ ስኔል ግን አልደከመም ነበር፤ የተካው አንደርሰን ደግሞ በዚያ የድኅረ ውድድር (ከመደበኛው ውድድር በኋላ በሚመጣው የጥሎ ማለፍ) ጨዋታ ተደጋግሞ ነጥብ ሲገባበት ሰንብቷል። በእኔ ግምት ሊትልም ካሽም ተሳስተዋል፤ የካሽ ስሕተት ግን ፒቸሩን ማውጣቱ ሳይሆን ማንን እንዳስገባ ነው።

አምስቱ መመዘኛዎች

አንደኛው የተሰጠው ቡድን ነው። ማንኛውም ሌላ ቁጥር ከመታየቱ በፊት ይህ መታየት አለበት። ከሁሉ የተሻለው ፈተና ያው ሰው በሌላ ቡድን ምን ሠራ የሚለው ነው። ኬሲ ስቴንግል በያንኪስ 1,149 አሸንፎ 696 ተሸንፏል፤ የድል ምጣኔው 0.623። በብሩክሊን፣ በቦስተን ብሬቭስና በሜትስ ግን 756 አሸንፎ 1,146 ተሸንፏል፤ 0.397። ጭንቅላቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ሜዳ ላይ ያለው ሰው ነው። ጆ ቶሪም እንዲሁ፦ ያንኪስ ከመግባቱ በፊት 894 ድልና 1,003 ሽንፈት፣ በያንኪስ 1,173 ድልና 767 ሽንፈት።

ሁለተኛው የሚጠበቀው ድል ነው። ቢል ጄምስ ያስተዋወቀው ቀመር ቀላል ነው፦ ቡድኑ ያስገባውን ነጥብ በራሱ አባዙ፤ የተቆጠረበትንም በራሱ አባዙ፤ የመጀመሪያውን ለሁለቱ ድምር አካፍሉ። 800 ያስገባ፣ 700 የገባበት ቡድን ብትወስዱ 640,000 ለ1,130,000 ሲካፈል 0.566 ይመጣል፤ በ162 ጨዋታ 92 ድል ገደማ ማለት ነው። ቡድኑ 97 ካሸነፈ አምስት ጨዋታ ትርፍ አለው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ትርፉን ሁሉ ለማኔጀሩ ይሰጣል። አንድ ዓመት ላይ የአራትና አምስት ጨዋታ ልዩነት በዕድል ብቻ ይመጣል። ትርፉ በአሥርና በአሥራ አምስት ዓመት ተደጋግሞ ከታየ ብቻ ነው የሰው እጅ አለበት የሚባለው። ሌላም ጉድለት አለው፦ ማኔጀሩ ጥሩ አሰላለፍ መርጦ ያመጣው ነጥብ ቀመሩ ውስጥ ስለሚገባ የዚያን ምስጋና ይነፍገዋል።

ሦስተኛው ዋንጫ ነው፤ በዘመኑ የቡድኖች ብዛት ተመዝኖ። እስከ 1960 ድረስ 16 ቡድን ብቻ ነበር፤ በሊጉ አንደኛ የሆነ ቀጥታ ወርልድ ሲሪስ ይገባ ነበር። ከ1969 ጀምሮ የሊግ ጥሎ ማለፍ መጣ፣ በ1995 አንድ ዙር ተጨመረ፣ ከ1998 ወዲህ 30 ቡድን አለ፣ ከ2022 ወዲህ 12 ቡድን ወደ ድኅረ ውድድር ይገባል። ስለዚህ አንድ ማኔጀር በሠራባቸው ዓመታት በዕጣ ብቻ ስንት ዋንጫ ይደርሰው ነበር ብላችሁ አስሉ፤ በ16 ቡድን ዘመን በዓመት አንድ አሥራ ስድስተኛ፣ በ30 ቡድን ዘመን አንድ ሠላሳኛ። ያገኘውን ለዚህ አካፍሉ። ከታች ባለው ሠንጠረዥ የመጨረሻው ዓምድ ይህ ነው። ወርልድ ሲሪስ ያልተካሄደባቸው ዓመታት፣ ማለትም ከ1903 በፊት ያሉት፣ 1904 እና 1994፣ ከሒሳቡ ወጥተዋል።

አራተኛው ሌሎች የቀዱት ነገር መኖሩ ነው። ጨዋታው ከእሱ በኋላ ከተለወጠ ያ ትልቅ ነገር ነው።

አምስተኛው ሰው አያያዝ ነው። 162 ጨዋታ በስድስት ወር ውስጥ የሚጫወት ቡድን በየቀኑ ማለት ይቻላል አብሮ ይውላል፤ ያኮረፈ ኮከብ አንድ መልበሻ ክፍል ይበጠብጣል። ነገር ግን የሚለካ አይደለምና ሁለት ሰዎች በሌላው እኩል ሲሆኑ ብቻ ተጠቀሙበት።

ጆ ማካርቲ እና ኬሲ ስቴንግል

ሁለቱም ሰባት ሰባት ወርልድ ሲሪስ አሸንፈዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው የለም። ልዩነቱ ከያንኪስ ውጭ ያለው ነው። ማካርቲ ራሱ በዋና ሊግ አንድም ቀን ሳይጫወት በ1926 ቺካጎ ከብስን ተረከበ፣ በ1929 የሊግ ዋንጫ አመጣ። ከ1931 ጀምሮ በያንኪስ ስምንት የሊግ ዋንጫ፣ ከ1936 እስከ 1939 በተከታታይ አራት ወርልድ ሲሪስ። በመጨረሻም ቦስተን ሬድ ሶክስ። በሦስቱም ቡድን ከ50 በመቶ በታች የወረደበት ዓመት የለም፤ በ24 ዓመት አንድም ጊዜ። ስቴንግል ግን ያንኪስ ከመግባቱ በፊት በዘጠኝ ዓመት ያሸነፈው ከተሸነፈው የበለጠበት ዓመት አንድ ብቻ ነው፤ የ1938ቱ የቦስተን ቡድን፣ 77 ድልና 75 ሽንፈት።

ስቴንግልን ግን በዚህ ብቻ መጣል ስሕተት ነው። በያንኪስ 12 ዓመት ቆይቶ 10 የሊግ ዋንጫ ወሰደ፤ ከ1949 እስከ 1953 ደግሞ አምስት ወርልድ ሲሪስ በተከታታይ፣ እስካሁን ማንም ያልደገመው። ያን ያደረገው አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሰው እያፈራረቀ ነው፦ ፒቸሩ ቀኝ እጀኛ ከሆነ ግራ መቺ፣ ግራ እጀኛ ከሆነ ቀኝ መቺ። ሐሳቡ ከእሱ በፊት ነበረ፤ ግን ዋንጫ በሚያሸንፍ ቡድን ላይ እንደዚያ አዘውትሮ የሠራበት አልነበረም። ተጫዋቾቹ ብዙዎቹ አልወደዱለትም።

ማካርቲ ላይ የሚነሣው ክስ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ሩት፣ ገሪግና ዲማጆ የነበሩበትን ቡድን ማን ያቅተዋል የሚል ነው። ግማሽ እውነት አለው። ይሁንና እነዚያን ኮከቦች ይዞ በወርልድ ሲሪስ ጨዋታ 29 አሸንፎ 9 ብቻ መሸነፍ ዝም ብሎ የሚገኝ አይደለም። ሁለተኛው ክስ ይበልጥ ይከብዳል። በ1948 ሬድ ሶክስና ክሊቭላንድ እኩል ጨርሰው በአንድ ጨዋታ ሊለያዩ ሲሉ፣ ማካርቲ ያሰለፈው ሁሉም የጠበቃቸውን ፒቸሮች ሳይሆን የ36 ዓመቱን ዴኒ ጌልሃውስን ነበር። ቦስተን በገዛ ሜዳው 8 ለ 3 ተሸነፈ። በ1949ም ሁለት ጨዋታ ሲቀር መሪ ነበረ፤ ሁለቱንም በያንኪስ ተሸነፈ፤ የያንኪስ ማኔጀር ደግሞ አዲስ የመጣው ስቴንግል ነበር።

ኮኒ ማክ እና ጆን ማግሮው

ማክ 50 ዓመት በፊላደልፊያ አትሌቲክስ፣ ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት በፒትስበርግ ሠርቷል። የደንብ ልብስ ሳይሆን ሙሉ ልብስና ክራቫት ለብሶ ነበር ቡድን የሚመራው። ሁለት ታላላቅ ቡድን ገንብቶ ሁለቱንም ሸጠ። ከ1910 እስከ 1914 አራት የሊግ ዋንጫ ያመጣው ቡድን ሲበተን አትሌቲክስ በ1916 36 አሸንፎ 117 ተሸነፈ። ሁለተኛውን ቡድን፣ የፎክስ፣ የሲመንስ፣ የኮክሬንና የግሮቭን፣ በኢኮኖሚ ድቀቱ ዘመን እንደዚያው ሸጠ። ሽያጩ የባለቤቱ ማክ ውሳኔ ነው፤ ሽንፈቱ ግን በማኔጀሩ ማክ ስም ተመዘገበ።

የማኔጀሩን ብልኃት ለማየት የ1929ን ወርልድ ሲሪስ የመጀመሪያ ጨዋታ ተመልከቱ። ተቃራኒው የማካርቲ ከብስ ነበር። ማክ ኮከቡን ግሮቭን ትቶ ሃዋርድ ኤምኪ የሚባል፣ በዚያ ዓመት እምብዛም ያልወረወረ አንጋፋ አሰለፈ። ቀደም ብሎ ከብስ ሲጫወቱ ቁጭ ብሎ እንዲያጠናቸው ልኮት ነበር። የከብስ ጠንካራ መቺዎች በአብዛኛው ቀኝ ነበሩ፣ የኤምኪም ዝግተኛና ከጎን የሚመጣ ኳስ እነሱን የሚያስቸግር ዓይነት ነበር። 13 ስትራይክ አውት፣ 3 ለ 1። አትሌቲክስ ሲሪሱን በአምስት ጨዋታ ጨረሱ።

ማግሮው በኒው ዮርክ ጃየንትስ 10 የሊግ ዋንጫ ወስዷል፤ ስቴንግልም የእሱ ተጫዋች ነበረ፤ ተጫዋች ማፈራረቅን ያየው እዚያ ነው። ነገር ግን ከዘጠኝ ወርልድ ሲሪስ ያሸነፈው ሦስቱን ብቻ ነው። በ1904ማ ቡድኑ የሊጉ አሸናፊ ሆኖ ሳለ ከአሜሪካን ሊግ ጋር አንጫወትም ብለው ሲሪሱ ሳይካሄድ ቀረ።

ኧርል ዊቨር

በዋንጫ ከሄዳችሁ የባልቲሞር ኦሪዮልሱ ዊቨር አይቆጠርም፤ አንድ ብቻ አለው፣ የ1970ው። በጨዋታ ውስጥ አስተሳሰብ ከሄዳችሁ ግን ከእሱ የሚቀድም አላውቅም። ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን እያንዳንዱ መቺ በእያንዳንዱ ፒቸር ላይ ያለውን ታሪክ በካርድ እያስጻፈ አሰላለፉን በዚያ ያወጣ ነበር። በግራ መስመር ጆን ሎወንስታይንንና ጋሪ ሮኒኪን አፈራረቀ፤ በ1982 አንዱ 24፣ ሌላው 21 ሆም ረን መታ። ሁለት በመጠነኛ ደሞዝ የተገኙ ሰዎች የአንድ ኮከብ ሥራ ሠሩ።

ባንት (ሯጩ እንዲያልፍ ኳሱን በቀስታ ነክቶ ራስን መሠዋት) አይወድም ነበር፤ ሒሳቡም በኋላ ከእሱ ጋር ሆነ። አንደኛ ቤዝ ላይ ሯጭ ኖሮ ምንም አውት (ከሜዳ የወጣ መቺ ወይም ሯጭ፤ ሦስት ሲሞላ የቡድኑ ተራ ያልቃል) ከሌለ ቡድን በዚያ ኢኒንግ በአማካይ 0.9 ገደማ ነጥብ ያገኛል። ባንት አድርጎ ሯጩን ወደ ሁለተኛ ሲያሳልፍ አንድ አውት ይከፍላል፣ አማካዩ ወደ 0.7 ይወርዳል። አንድ ነጥብ ብቻ በሚበቃበት በመጨረሻው ኢኒንግ ካልሆነ ኪሳራ ነው። ዊቨር አውትን እንደ ገንዘብ ቆጥቦ ሦስት ነጥብ የሚያመጣ ሆም ረን ይጠብቃል።

ሕግ ያስለወጠም ሰው ነው። በ1980 በዚያ ቀን የማይጫወት ፒቸርን ስም በተሰየመ መቺ (በፒቸሩ ፈንታ በሚመታው ሰው) ቦታ ላይ ያስመዘግብ ነበር፤ ተራው ሲደርስ ሁኔታውን አይቶ የሚስማማውን እውነተኛ መቺ ያስገባል። ሊጉ በቀጣዩ ዓመት ቀዳዳውን ደፈነው።

በ1982 ደግሞ ካል ሪፕከንን፣ ለቦታው በጣም ረጅም ነው እየተባለ፣ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል ያለው የተከላካይ ቦታ) ላይ አቆመው። ከዚያ ወዲህ ረጃጅም ሾርትስቶፖች ብርቅ መሆናቸው ቀረ። ሜሪላንድ ውስጥ የምትኖሩና ባልቲሞር ስታዲየም ጎራ የምትሉ ወገኖች ሐውልቱን እዚያው ታገኙታላችሁ።

ቦቢ ኮክስ እና ብሩስ ቦቺ

እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ሁለት የተለያዩ ሙያዎችን ማየት ነው። ኮክስ በአትላንታ ከ1991 እስከ 2005 በተጫወቱት ሙሉ የውድድር ዘመን ሁሉ፣ 14 ጊዜ በተከታታይ፣ የምድቡ አንደኛ ሆነ። ወርልድ ሲሪስ ግን አንድ፣ የ1995ቱ። ቦቺ በተቃራኒው በመደበኛ ውድድር የተሸነፈው ካሸነፈው ይበልጣል፤ ዋንጫው ግን አራት ነው፣ ሦስቱ በሳን ፍራንሲስኮ አንዱ በቴክሳስ።

ምክንያቱ አለ። በስድስት ወር ውድድር የሚፈለገው ማንንም ሳያደክሙ መዝለቅ ነው፤ ኮክስ በፒቸሮቹ በማዱክስ፣ በግላቪንና በስሞልትዝ ላይ ያደረገው ያንን ነው። አጭር ተከታታይ ጨዋታ ላይ ግን ነገን መቆጠብ አይሠራም፤ ስምና ደሞዝም ማየት አይሠራም። ቦቺ በ2010 የ126 ሚሊዮን ዶላር ውል የነበረውን ባሪ ዚቶን ከድኅረ ውድድሩ ስም ዝርዝር አወጣው። በ2012 ደግሞ የሁለት ጊዜ ሳይ ያንግ (የዓመቱ ምርጥ ፒቸር ሽልማት) ተሸላሚውን ቲም ሊንሰከምን ከቋሚ ፒቸርነት ወደ ቡልፔን (የተተኪ ፒቸሮች ቡድን) አወረደው፣ ዚቶን መልሶ አሰለፈው፤ ዚቶም የወርልድ ሲሪሱን የመጀመሪያ ጨዋታ አሸነፈ። በ2014 ሰባተኛው ጨዋታ ላይ፣ ማዲሰን ባምጋርነር ሙሉ ጨዋታ ወርውሮ የሁለት ቀን ዕረፍት ብቻ ካደረገ በኋላ፣ በአምስተኛው ኢኒንግ 3 ለ 2 እየመሩ አስገባው። ይተካዋል ተብሎ ሲጠበቅ አልነካውም፤ አምስት ኢኒንግ፣ 68 ውርወራ፣ ዜሮ ነጥብ።

የቀሩት ባጭሩ

ቶኒ ላሩሳ ፒቸሩን ዴኒስ ኤከርስሌይን በመጨረሻው ኢኒንግ ብቻ እየተጠቀመ የዛሬውን ቡልፔን አሠራር ቀረጸ። ሁሉም ቀድቶታል፤ በአራተኛው መመዘኛ ከፍተኛውን ነጥብ የምሰጠው ለእሱ ነው። ስፓርኪ አንደርሰን በሁለቱም ሊግ ወርልድ ሲሪስ ያሸነፈ የመጀመሪያው ነው፤ ግን በሲንሲናቲ 0.596 የነበረው ምጣኔ በዲትሮይት 0.516 ሆነ። ዋልተር አልስተን 23 ዓመት በ23 የአንድ ዓመት ውል ዶጀርስን መርቶ ለብሩክሊን ብቸኛውን ወርልድ ሲሪስ በ1955 አመጣ። ቶሪ ኮከቦችንና አስቸጋሪ ባለቤትን በማስማማት ይበልጣል፤ ከላይ እንደታየው ግን ያለ ኮከብ ብዙም አላሸነፈም።

ሠንጠረዡ ሊይዘው የማይችለው አንድ ሰው አለ። ሩብ ፎስተር ጥቁሮች ከዋና ሊጎች ታግደው በነበረበት ዘመን ቺካጎ አሜሪካን ጃየንትስን በባለቤትነትና በማኔጀርነት መራ። በ1920 ካንሳስ ሲቲ ላይ የኔግሮ ናሽናል ሊግን መሥርቶ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዋንጫዎችም ቡድኑ ወሰደ። ፈጣን ሯጮችን ይዞ ባንትና ሩጫ በአንድ ላይ ያጫውት ነበር። በሊጉ ውስጥ የነበረው መዝገብ የተሟላ አይደለም፣ የጨዋታው ብዛትም ከዓመት ዓመት ይለያያል፤ ስለዚህ በቁጥር ከማካርቲ ጋር ማፎካከር አይቻልም። ከዝርዝር ማውጣት ግን በደል ነው። የነማካርቲም ድል የተገኘው እነዚያን ተጫዋቾች ባገለለ ሊግ ውስጥ መሆኑን አብሮ መመዘን ያስፈልጋል።

| ማኔጀር | የውድድር ዘመን | ድል–ሽንፈት | የድል ምጣኔ | የሊግ ዋንጫ | ወርልድ ሲሪስ | ከዕጣ አንጻር |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ጆ ማካርቲ | 24 | 2,125–1,333 | 0.615 | 9 | 7 | 4.7 |
| ኬሲ ስቴንግል | 25 | 1,905–1,842 | 0.508 | 10 | 7 | 4.6 |
| ብሩስ ቦቺ | 28 | 2,252–2,266 | 0.498 | 5 | 4 | 4.3 |
| ጆ ቶሪ | 29 | 2,326–1,997 | 0.538 | 6 | 4 | 4.0 |
| ዋልተር አልስተን | 23 | 2,040–1,613 | 0.558 | 7 | 4 | 3.4 |
| ስፓርኪ አንደርሰን | 26 | 2,194–1,834 | 0.545 | 5 | 3 | 3.1 |
| ቶኒ ላሩሳ | 35 | 2,884–2,499 | 0.536 | 6 | 3 | 2.5 |
| ኮኒ ማክ | 53 | 3,731–3,948 | 0.486 | 9 | 5 | 1.7 |
| ጆን ማግሮው | 33 | 2,763–1,948 | 0.586 | 10 | 3 | 1.7 |
| ኧርል ዊቨር | 17 | 1,480–1,060 | 0.583 | 4 | 1 | 1.4 |
| ቦቢ ኮክስ | 29 | 2,504–2,001 | 0.556 | 5 | 1 | 1.0 |

የመጨረሻው ዓምድ 4.7 ሲል፣ ማካርቲ በዕጣ ሊደርሰው ከሚችለው ወደ አምስት እጥፍ የሚጠጋ ዋንጫ ወሰደ ማለት ነው። በጥሬው ከተቆጠረ ቦቺ ከማካርቲ በሦስት ዋንጫ ይርቃል፤ በዘመኑ ሲመዘን ግን ጎን ለጎን ናቸው። ኮክስን 1.0 ላይ አይታችሁ ግን ተራ ሰው ነው አትበሉ። ዓምዱ ዋንጫን እንጂ የ162 ጨዋታን ሥራ አያይም።

ለየትኛው ፍላጎት ማን?

ገንዘብ የሞላው፣ ኮከብ የበዛበት ቡድን ካላችሁ ማካርቲ፤ ችግሩ ችሎታ ሳይሆን ኩርፊያ ከሆነ ቶሪ። ደሞዝ ለጠበበው ቡድን ያለ ጥርጥር ዊቨር፤ አንድ ውድ ተጫዋች መግዛት የማይችል ሁለት ርካሽ ገዝቶ ማፈራረቅ አለበት፣ ያንንም ከእሱ በላይ የሠራበት የለም። ለሰባት ጨዋታ ፍልሚያ ቦቺ። ጥሩ ፒቸሮች ይዞ ለአሥር ዓመት ሳይወድቅ መዝለቅ ለሚፈልግ ኮክስ። ምንም ከሌለበት ተነሥቶ ቡድንም ሊግም ለሚያቆም ፎስተር።

አንድ ስም ብቻ ጥራ ከተባለ የእኔ መልስ ማካርቲ ነው። በሦስት ቡድን ተፈትኖ በአንዱም አልወደቀም፤ ስቴንግልና ቶሪ ያላለፉት ፈተና ይኸው ነው። የጌልሃውስ ምርጫ ይህን አይሽረውም።

ለክርክር የምትዘጋጁ ከሆነ ጊዜያችሁን እንዲህ ተጠቀሙበት። አሥር ደቂቃ ብቻ ካላችሁ ያው ሰው በተለያየ ቡድን ያለውን የድል ምጣኔ ለይታችሁ ተመልከቱ፤ ብዙውን ክርክር ይህ ብቻ ይጨርሰዋል። አንድ ሰዓት ካላችሁ የዕጣውን ሒሳብ ጨምሩ። የቡድኖቹ ብዛት፦ እስከ 1960 16፣ በ1961 18፣ ከ1962 20፣ ከ1969 24፣ ከ1977 26፣ ከ1993 28፣ ከ1998 30። አንድ ምሽት ሙሉ ካላችሁ ደግሞ የእያንዳንዱን ዓመት የገባና የተቆጠረ ነጥብ ይዛችሁ የሚጠበቀውን ድል አስሉ። ከአሥር ዓመት ያነሰ መረጃ ላይ ግን ፍርድ አትስጡ።

በ2019 ዋሽንግተን ናሽናልስ በመጀመሪያ 50 ጨዋታ 19 አሸንፈው 31 ሲሸነፉ፣ ማኔጀሩ ዴቭ ማርቲኔዝ ይባረር የሚለው ድምፅ ከተማውን ሞልቶት ነበር። በዚያው ዓመት ወርልድ ሲሪስ አሸነፉ። በግንቦት የሚሰጥ ፍርድ ምን ያህል እንደሚያስት በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አበሻ ሁሉ በገዛ ከተማው አይቶታል።

በዚሁ ምክንያት ዴቭ ሮበርትስን ሠንጠረዡ ውስጥ አላስገባሁትም። ከ2016 እስከ 2025 ዶጀርስን መርቶ ሦስት ወርልድ ሲሪስ አሸንፏል፣ የድል ምጣኔው 0.620 አካባቢ ነው፣ በዕጣ ሒሳብም ወደ 9 ይደርሳል። ከማካርቲ በላይ ነው ማለት ነው፤ ግን አሥር ዓመት ብቻ፣ በአንድ ቡድን፣ ያውም እጅግ ከፍተኛ ደሞዝ ከሚከፍሉት በአንዱ። የሚጠብቀው ፈተና ያው የመጀመሪያው መመዘኛ ነው፦ ሌላ ቡድን ቢይዝ፣ ወይም ዶጀርስ ኮከብ ሲያጡ፣ ቁጥሩ የት ይቆማል?